ሦስቷ ነጥብ የት ሄደች? የ12ኛ ክፍል ፈተና ድምር እንዴት እንደሚሠራ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። በአንድ እጇ በፌስታል በርበሬ፣ በሌላው የልጇን የሞዴል ፈተና ውጤት ይዛለች።

"አንተ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ" አለችኝ። "ሦስት ነጥብ ነው የጎደላት። ከስድስት መቶ ሦስት! ሦስት ነጥብ ምን ነገር ናት?"

የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ የብሎኩን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። ፈተና ሲቃረብ በሬ ብዙ ይንኳኳል። የወላጆች ጥያቄ ሁሌም ስለ ድምሩ ነው። ስንት አመጣ? ስንት ይበቃል? ድምሩ ከምን ከምን እንደመጣ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም።

የልጅቷ ውጤት ይኼ ነበር። እንግሊዝኛ 61፣ ሒሳብ 34፣ አፕቲቲዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) 58፣ ፊዚክስ 32፣ ኬሚስትሪ 44፣ ባዮሎጂ 68። ድምር 297። ማለፊያው 300 ነው።

ለእናትየው ላስረዳት ሞከርኩ። ቡናው መሐል ላይ ደረሰና ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ዞረ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ፈተናው አንድ ነው ወይስ ስድስት?

ወላጆች "ማትሪክ" ይሉታል። ልጆቹ "ኢንትራንስ"። በወግ ሲጠራ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ተማሪው ፊት የሚቀርበው ስድስት የተለያየ ወረቀት ነው።

ሦስቱን ሁሉም ተማሪ ይወስዳል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ። የናቹራል ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል። የሶሻሉ ደግሞ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ። ሒሳቡም ለናቹራልና ለሶሻል ለየብቻ ነው የሚዘጋጀው። ድሮ ሥነ ዜጋም ነበር፤ ድምሩ ከ700 ነበር። አሁን ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ100፣ ድምሩ ከ600።

እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ የተቆረጠ ሰዓት አለው። እንግሊዝኛውን በጊዜ ጨርሰሽ 20 ደቂቃ ቢተርፍሽ ሒሳብ ላይ አትጨምሪውም። ሒሳብ ላይ 20 ደቂቃ ቢያጥርሽም ከየትም አትበደሪም። ከዚህ ወደ ሜክሲኮ እንደመሄድ ነው። እስከ ቃሊቲ የከፈልሽው ለዚያች መንገድ ብቻ ነው። ቃሊቲ ወርደሽ ሌላ ታክሲ ስትይዢ ረዳቱን "ቅድም ከፍያለሁ" ብትይው ይስቅብሻል።

ብዙ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። ሲያጠና ግን ይረሳዋል። ማታ ቤቱ ተቀምጦ አንዷን የሒሳብ ጥያቄ 25 ደቂቃ ታግሎ ሲፈታት ደስ ይለዋል። ደስ ሊለውም ይገባል፤ ትምህርት ማለት እሱ ነው። ፈተና ላይ ግን እነዚያ 25 ደቂቃዎች የዘጠኝ ጥያቄ ሰዓት ናቸው።

ዘጠኝ ከየት መጣ?

አንድ ጥያቄ ስንት ያወጣል?

እዚህ ላይ እርሳስ ያዙ።

ለብዙ ዓመታት የወጡት የሒሳብ ወረቀቶች 65 ጥያቄ ነበራቸው፤ የተሰጠው ሰዓት 3 ነው። 180 ደቂቃን ለ65 ስናካፍል ለአንድ ጥያቄ ወደ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይደርሳል። በ25 ደቂቃ ዘጠኝ ጥያቄ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ወረቀት ደግሞ 120 ጥያቄ ነበረው፤ ሰዓቱ 2። ለአንድ ጥያቄ ልክ 1 ደቂቃ።

ሁለቱም የሚያዙት ከ100 ነው። ስለዚህ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ወደ 1.5 ነጥብ ያወጣል። አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ 0.83 ብቻ። ፊዚክስ 50 ጥያቄ በነበረበት ወረቀት አንዱ 2 ነጥብ ነው። ባዮሎጂ 100 በነበረበት አንዱ 1 ነጥብ። ፊዚክስ ላይ አንድ ጥያቄ መሳት ባዮሎጂ ላይ ሁለት እንደመሳት ነው ማለት ነው።

የጥያቄው ቁጥርም ሰዓቱም ሊቀየር ስለሚችል የዘንድሮውን የወረቀቱ ሽፋን ላይ ነው ማንበብ ያለባችሁ። ስሌቱ ግን አይቀየርም። መቶን ለጥያቄው ብዛት አካፍሉ፤ ደቂቃውንም ለጥያቄው ብዛት አካፍሉ።

ሌላም ነገር ይታያል። ሒሳብ ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ ነጥብ አላት፤ ግን ደቂቃም ትበላለች። በደቂቃ ስናሰላው እንግሊዝኛ 0.83 ነጥብ ይሰጣል፣ ሒሳብ 0.56 ገደማ። ደቂቃ ለደቂቃ ካየነው እንግሊዝኛ ይሻላል። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ከጥናት ሰዓታቸው አብዛኛውን ለሒሳብና ለፊዚክስ ሰጥተው እንግሊዝኛን "እሱ አይጠናም" ብለው ይተዉታል። እኔም የሒሳብ አስጠኚ ሆኜ ይህን ስናገር ራሴን ከሥራ እያስወጣሁ ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሦስት ነጥብ ማለት ሁለት የሒሳብ ጥያቄ ነው። ወይም ሁለት የፊዚክስ። ወይም አራት የእንግሊዝኛ። የሒሳቡን መልስ መስጫ ወረቀት አምጪ አልኳት። ከ65ቱ 22 አግኝታለች። የመጨረሻዎቹ 14 ጥያቄዎች ግን ባዶ ናቸው፤ አንዷም አልጠቆረችም።

"ሰዓት አለቀብኝ ቲቸር" አለች።

ሁሉም ከመቶ ከሆነ እኩል ይመዝናሉ?

በወረቀት ላይ አዎ። በተግባር ግን አይደለም። ነገሩ ትንሽ ጠመዝማዛ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ ክፍል ውስጥ 40 ተማሪ አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው። ሒሳብ ከብዷቸው ሁሉም ከ28 እስከ 40 ባለው መሐል አመጡ። ታሪክ ላይ ግን ከ30 እስከ 80 ተበታተኑ። ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛ የሆነው ልጅ ከመጨረሻው በ12 ነጥብ ብቻ ይበልጣል። በታሪክ አንደኛ የሆነችው ግን በ50 ነጥብ ትበልጣለች። ድምር ሲሠራ ማን ከፊት ይሆናል? ታሪክ ላይ የበለጠችው። ሁለቱም ወረቀት ከመቶ ነው፤ ተማሪዎቹን አራርቆ ያሰለፋቸው ግን ታሪኩ ነው።

ከብዶ ሁሉንም እኩል የሚጥል ወረቀት፣ ወይም ቀሎ ሁሉንም እኩል የሚያሳልፍ ወረቀት፣ ደረጃ አያወጣም። ዕድር ላይ ሁሉም እኩል ቢያዋጣ ማን ሀብታም እንደሆነ አይታወቅም።

በዚህ ላይ አንዳንድ ትምህርት ከአንድ ወረቀት በላይ ውስጥ ይገባል። ሒሳብ በራሱ ወረቀት አለ። ፊዚክስ ውስጥም አለ። የአፕቲቲዩዱም ከፊሉ ቁጥር ነው። ሒሳብ የደከመበት የናቹራል ተማሪ አንዴ ሳይሆን ሁለት ሦስቴ ይቀጣል። የጎረቤቴን ልጅ ቁጥሮች ተመልከቱ፤ ሒሳብ 34፣ ፊዚክስ 32። ሁለት የተለያየ ድክመት ይመስላል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ግን ፊዚክሱ ላይ የሳተቻቸው አብዛኞቹ ቀመሩን አውቃ ስሌቱ ላይ የተጠመደችባቸው ናቸው።

እንግሊዝኛ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ስድስቱም ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እንግሊዝኛ በስሙ የተያዘለት 100 ነጥብ ብቻ አይደለም ያለው። አንድ ልጅ ኢኮኖሚክሱን በአማርኛ ብትጠይቁት ጥንቅቅ አድርጎ ያስረዳችኋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ ሳያነብ አይገባውም። ሁለት ጊዜ ማንበብ ደግሞ ሰዓት ነው።

50 በመቶ ማለት ግማሹን ማወቅ ነው?

በፊት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ይወሰን ነበር። የወንድና የሴት፣ የታዳጊ ክልልና የሌላው ይለያይ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ መስመሩ 50 በመቶ ሆነ። ያኔ የተነሳውን ጫጫታ የማይረሳ የለም። ከ896,520 ተፈታኞች 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይሳታል።

አንደኛው፣ መስመሩ የሚለካው በድምሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ወረቀት አይደለም። ፊዚክስ ላይ 32 ያመጣ ልጅ ባዮሎጂ ላይ 68 ካመጣ ተካክሷል። ወረቀት በወረቀት 50 ቢጠየቅ ኖሮ የጎረቤቴ ልጅ ሦስት ቦታ ወድቃለች። በድምር ግን ከደጃፉ ደርሳለች። ይህ አሠራር አንድ ነገር ላይ ጎበዝ ለሆነ ልጅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ስለ ግምት ነው። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ በአብዛኛው አራት አማራጭ አላቸው። ምንም ሳያነብ ዝም ብሎ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ከአራቱ አንዱን ያገኛል። ከመቶ 25 ማለት ነው። ስለዚህ መነሻው ዜሮ አይደለም፤ 25 ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ተማሪ የጥያቄዎቹን ሲሶ በእርግጠኝነት ያውቃል እንበል፤ 33 ነጥብ። የቀሩት 67 ላይ በጭፍን ቢገምት የእነሱን ሩብ ያገኛል፤ ወደ 17። ድምሩ 50! ግማሽ ማምጣት ሲሶ ከማወቅ ጋር ይገጣጠማል። ይህን ስነግራቸው የሚደሰቱም የሚያዝኑም ወላጆች አሉ። እኔ ያስደነገጠኝ በሌላ በኩል ነው። ከመቶ ተማሪ ከ90 በላዩ ይህን ያህል ሳይደርስ ሲቀር፣ ችግሩ የፈተና ብልሃት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቢሆንም ብልሃቷን አንናቃት። የሳቱት መልስ ካገኙት ላይ ነጥብ አይቀንስም። ባዶ የተተወ ክብ ግን በእርግጠኝነት ዜሮ ነው። ልጅቷ የተወቻቸውን 14 ክቦች ዓይኗን ጨፍና ብታጠቁራቸው በአማካይ ሦስት ወይም አራት ታገኝ ነበር። ሦስት የሒሳብ ጥያቄ 4.6 ነጥብ ነው። የጎደላት 3 ነበር።

እናትየው ይህን ስትሰማ ልጇን ገላመጠቻት። "ዝም ብለሽ አታጠቁሪውም ነበር?" ልጅቷ ግን የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። "የማላውቀውን መሙላት ማጭበርበር መስሎኝ ነው" አለች።

አፕቲቲዩድ የአሜሪካኖቹ ኤስ ኤ ቲ ነው?

አይደለም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ግን በየዓመቱ ያምታታል።

የእኛው ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ቴስት ከስድስቱ ወረቀቶች አንዱ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ቀጥታ አይወጣም። ከፊሉ የቃላት ዝምድና፣ የጎደለ ዓረፍተ ነገር መሙላትና አንብቦ መረዳት ነው። ከፊሉ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ ንጽጽርና ማመዛዘን ነው። "አይጠናም" የሚባለው ለዚህ ነው። ይጠናል። የጥያቄው ዓይነት የተወሰነ ስለሆነ ደጋግሞ የሠራ ሰው አዲስ ነገር አይመጣበትም።

የአሜሪካኖቹ ኤስ ኤ ቲ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙሉ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነው። አሁን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ሆኗል። ክፍሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ንባብና ጽሑፍ አንድ ላይ፣ ሒሳብ ለብቻው። ለንባቡ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ለሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ። እያንዳንዱ ክፍል እንደገና ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ከሠራህ ሁለተኛው ግማሽ ይከብዳል፤ ካልሠራህ ይቀላል። ቀላሉ የደረሰው ሰው ግን ከፍተኛውን ነጥብ ማግኘት አይችልም። የድሮ ጎበዝ መምህር ተማሪውን በአንድ ጥያቄ መዝኖ ቀጣዩን እንደሚመርጥለት ዓይነት ነው።

እነሱም ቢሆኑ አከፋፈሉን ሲያገላብጡት ነው የኖሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ክፍል አድርገው ድምሩን 2,400 አደረሱት። በ2016 ወደ ሁለት ክፍልና ወደ 1,600 መለሱት። በዚያው ዓመት ለተሳተ መልስ ሩብ ነጥብ መቀነሱም ቀረ። እስከዚያ ድረስ የጎረቤቴ ልጅ ዓይነት ጥንቃቄ እዚያ ቤት አያከስርም ነበር። ተማሪው ያው ተማሪ ነው፤ ሕጉ ሲቀየር ግን ባዶ መተው ኪሳራ ሆነ።

ጠዋትና ከሰዓት ልዩነት አለው?

የእኛ ፈተና በአብዛኛው በቀን ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ። የሁለተኛው ወረቀት ዕጣ ምንድን ነው?

በዴንማርክ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የፈተና ውጤት ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ቀኑ በአንድ ሰዓት በገፋ ቁጥር ውጤቱ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዕረፍት ሲሰጣቸው ደግሞ ይመለሳል። ለውጡ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ሲታይ ጥቂት ነው። መስመር ላይ ለቆመ ልጅ ግን ጥቂት ብዙ ነው።

ከብራዚል የተገኘው ደግሞ ከእኛ ጉዳይ ጋር ይበልጥ ይዛመዳል። የእነሱ የመግቢያ ፈተና 180 ጥያቄና አንድ ድርሰት ነው፤ በሁለት ቀን ያልቃል። ወረቀቱ በተለያየ ቀለም ይታተማል፤ ጥያቄው አንድ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ይለያያል። ተመራማሪዎች ይህን ተጠቅመው አንዷን ጥያቄ ከፊት ያገኛትንና ከኋላ ያገኛትን ተማሪ አወዳደሩ። ያቺው ጥያቄ ወደ ኋላ ስትሄድ የሚያገኛት ሰው ይቀንሳል። ጥያቄዋ አልከበደችም። ሰውየው ነው የደከመው።

ስለዚህ አንድ ተማሪ "ኬሚስትሪ አይገባኝም" ሲለኝ የምጠይቀው ሌላ ነገር ሆኗል። ያጠናኸው ማታ ደክሞህ ነው? የሞዴሉ ወረቀት የደረሰህ ከሰዓት ነው? አንዳንዴ ልጁ የሰነፈው በኬሚስትሪ ሳይሆን በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ዳር ላይ ለሚኖር ልጅስ?

የከተማው ጠርዝ የራሱ ነገር አለው። እዚህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ከመሐል ከተማ የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ እስካሁን የሚማሩት የድሮ ሰፈራቸው ነው። በሌሊት ተነስተው ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሃይገር ይጠብቃሉ። ሰልፍ ላይ ሆነው ቃላት ሲሸመድዱ አያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ለመንገድ በቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ታጠፋለች። ያ እኮ አንድ ሙሉ የሒሳብ ወረቀት ነው።

መንገድ ላይ የሚጠናና የማይጠና አለ። የእንግሊዝኛ ቃል ቆሞም ይያዛል። ባዮሎጂም ይሞከራል። ሒሳብና ፊዚክስ ግን ወንበርና ወረቀት ይፈልጋሉ። የልጅቷን ስድስት ቁጥሮች በዚህ ዓይን ደግማችሁ እዩአቸው። 61 እና 68 ቆማ ያጠናቻቸው ናቸው። 34 እና 32 መብራት ሲጠፋ የተዘጉ ደብተሮች ናቸው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን አሥር ልጆች ላይ አይቼዋለሁ።

ሌላው ኮምፒውተር ነው። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው የወሰዱት፤ እዚያው አድረው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከፊሉ በኦንላይን ሆኗል። ለኦንላይኑ ዕውቀቱ ያው ነው፤ አካሄዱ ግን ይለያል። ወረቀት ላይ ከብዳችሁ የዘለላችሁት ጥያቄ ጎን ኮከብ ታደርጋላችሁ። ስክሪን ላይ ዘልሎ መመለስን ቀድሞ መልመድ ያስፈልጋል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከጥያቄው ጋር ሳይሆን ከማውሱ ጋር ነው የሚታገለው። እነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ አይመለሱም። ለወላጆች የምለው፣ ሰፈር ያለው ኢንተርኔት ቤት ልጁ ቲክቶክ የሚያይበት ብቻ አይደለም። ሁለት ቅዳሜ ቢለማመድበት ይጠቅመዋል።

ወረቀት ሲቀነስ ምን ይሆናል?

ይህ ደርሶብን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የፈተናው ውጤት ላይ ጥርጣሬ ተነስቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባው በአራት የትምህርት ዓይነቶች ብቻ እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። አንድ ወረቀት ከድምሩ ሲወጣ የቀሩት ይከብዳሉ። ከሰባት አንዱ የነበረው ሒሳብ ከአራት አንዱ ሲሆን ክብደቱ ከ14 በመቶ ወደ 25 ይዘላል። የወጣው ወረቀት ላይ ተስፋውን የጣለ ልጅ ባልሠራው ጥፋት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባልወጣው ወረቀት ጎበዝ የነበረ ደግሞ ሳያስበው ከፊት ይገኛል። የማስጠናቸው ልጆች ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ሲያደርጉ ዝም የማልለው ለዚህ ነው። ባዮሎጂ 90 አምጥቶ ሁሉን ለመሸፈን ማሰብ ያዋጣ ይመስላል። ከ68 ወደ 90 መውጣት ግን 22 ጥያቄ ነው፤ ያውም የቀሩት የሚከብዱት ናቸው። ሒሳብ ላይ ከ34 ወደ 45 ለመውጣት ሰባት ጥያቄ ይበቃል፤ ገና ያልተነኩ ቀላሎችም አሉበት።

50 ያላመጣ ሁሉ በሩ ተዘጋበት ማለትም አይደለም። ለመስመሩ የቀረቡ ተማሪዎች በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ገብተው፣ አጠናክረው፣ እንደገና ተፈትነው የሚያልፉበት መንገድ ተከፍቷል። ይህንን ለጎረቤቴ ስነግራት "እሱን ተወው፣ መጀመሪያ ሦስቷን እናምጣ" አለችኝ።

በማግስቱ ማታ ልጅቷን ያንኑ የሒሳብ ወረቀት አስደገምኳት። ይህን ጊዜ የግድግዳ ሰዓቱን ከነምስማሩ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩላት። በመጀመሪያው ዙር የምታውቀውን ብቻ ሠራች። በሁለተኛው የሚያታግሏትን። የቀሩትን 5 ደቂቃዎች ለባዶዎቹ ክቦች ተወቻቸው። ስታጠቁር ፊቷ ላይ አሁንም ያ ጥርጣሬ አለ። ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ስናርመው 28 አግኝታለች። ከስድስቱ ጭማሪ አራቱ የሠራቻቸው ናቸው፤ ሁለቱ የግምት። ወደ 43 ነጥብ ነው። ወረቀቱን ቀድማ ስላየችው በሙሉ አላመንኩትም፤ እሷም አላመነችውም።

"ቲቸር" አለች ማስታወሻ ደብተሯን እየከፈተች፣ "ፊዚክሱ 50 ጥያቄ ከሆነ ለአንዱ ስንት ደቂቃ ይደርሰኛል?"

"ሽፋኑን አንብቢና አካፍዪው" አልኳት። መብራት ሄዶ ስለነበር በስልኳ ብርሃን ማካፈል ጀመረች።